«መምህር፣ ይሄ ውሸት ማሳመር አይደል?»

ዛሬ ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «መምህር፣ የሕዝብ ግንኙነት ማለት ውሸት ማሳመር አይደል እንዴ?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ይቺን ጥያቄ ያልሰማሁበት ዓመት የለም።

ታይለኖል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ታሪክ ነገርኩት። በ1982 እ.ኤ.አ. ቺካጎ አካባቢ ሰባት ሰዎች ሳያናይድ የሚባል መርዝ የተጨመረበት ይሄንኑ መድኃኒት ውጠው ሞቱ። የመድኃኒቱ ባለቤት ኩባንያ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን «መርዙን እኛ አልጨመርንም» ብሎ አልተቀመጠም። ሕዝቡን አስጠነቀቀ፤ 31 ሚሊዮን ገደማ ብልቃጥ ከገበያ ሰበሰበ። በኋላም ተከፍቶ ከነበረ የሚያስታውቅ ማሸጊያ ይዞ ተመለሰ።

ልጁ ጸጥ ብሎ ሰማኝና «ታዲያ ይሄ የሕዝብ ግንኙነቱ ሥራ ነው ወይስ የአለቆቹ ውሳኔ?» አይለኝም!

ማርከሬን አስቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር፣ የራሴም ጥናት ስንት ዓመት የሚዞረው እዚችው ላይ ነው። የዘርፉ ምሁራን ግሩኒግና ሃንት በ1984 እ.ኤ.አ. ካስቀመጧቸው አራት የሕዝብ ግንኙነት ሞዴሎች በመጨረሻው፣ ድርጅቱ ይናገራል፣ ይሰማል፣ ራሱም ይለወጣል። ሰሌዳ ላይ ቀስቱ ወዲያና ወዲህ ሲሳል ደስ ይላል። ተመርቀው የወጡ ልጆቼ ሲደውሉ ግን የሚሉኝ ሌላ ነው፦ «መምህር፣ መግለጫ ጻፍ የሚሉኝ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው።»

ለነገ ያዘጋጀሁትን ስላይድ ትቼዋለሁ። ከልጁ ጥያቄ እንጀምራለን።