የሦስት ደቂቃዋ መዝሙር ጉድ ሠራችን

ኮንሰርቱ ከተጀመረ ሦስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ሰው አጨበጨበ። መዝሙሩ አልቆ ቢሆን ደስ ይል ነበር። አላለቀም። አንድ ሐረግ ይቀረናል። 34 ሰው ትንፋሹን ስቦ ፊቴ ቆሟል፣ ከኋላዬ ጭብጨባው ይቀልጣል፣ እኔ መሃል ላይ እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኛል።

ጥፋቱ የእኔው ነበር። እንዴት እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ ግን ከመጀመሪያው ልነሳ።

የምመራው ኳየር (የመዘምራን ቡድን) አማተር ነው። ሁሉም ቀን ሥራ ውሎ ማታ የሚመጣ ሰው ነው። ኖታ አጥርቶ የሚያነበው ከግማሽ አይበልጥም፤ የቀረው በጆሮው ይዞ ነው የሚዘምረው። የወቅቱን መክፈቻ ኮንሰርት እንዳዘጋጅ ሲነገረኝ ዐሥር ሳምንት ነበረኝ፤ በሳምንት አንድ ምሽት፣ ሁለት ሁለት ሰዓት። መክፈቻ ከሌላው ኮንሰርት ይከብዳል። ከረጅም እረፍት የሚመለስ ድምፅ ዝጎ ነው የሚመጣው። ትንፋሹ ያጥራል፣ ከፍ ያለው ኖታ ይሻክራል፣ ባለፈው ዓመት የሚያውቀውን ሁሉ ረስቶታል።

ዋናው ሥራ እንዲሆን የፈረንሳዊውን አቀናባሪ የጋብሪኤል ፎሬን ሬኲየም መረጥኩ። ሬኲየም የሙታን ቅዳሴ ነው። የፎሬው ሰባት ክፍል አለው፣ 35 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሬኲየም ሲባል ብዙ ሰው የሚጠብቀው የፍርድ ቀን ነጎድጓድ ነው። ፎሬ ግን ያንን ረጅም የፍርድ ቀን ግጥም ትቶ መጨረሻው ላይ ያለችውን ልመና ብቻ ነው ያስቀረው። ሞት እሱ ዘንድ እረፍት ነው። ሥራው መጀመሪያ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ1888 ፓሪስ ውስጥ፣ ማድሌን ቤተ ክርስቲያን ነው። ያኔ አምስት ክፍል ብቻ ነበረው፤ ሁለቱን በኋላ ጨመረበት። ራሱ ፎሬ በ1924 ሲያርፍም ቀብሩ ላይ ይኸው ተዘመረለት።

ከእሱ በፊት ሁለት አጫጭር መዝሙሮች አስገባሁ። አንዷ የአንቶን ብሩክነር ‹ሎኩስ ኢስቴ› ናት፤ ያለ መሣሪያ በአራት ድምፅ የምትዘመር። ሌላዋ የሞዛርት ‹አቬ ቬሩም ኮርፑስ›። ተደምረው ሰባት ደቂቃ አይሞሉም። ከአዘጋጆቹ አንዳንዶቹ «ይኼ ምን ኮንሰርት ይባላል፣ አንድ ሰዓት እንኳ የማይሞላ!» ብለው ነበር። ከባሶቹ፣ ወፍራሙን የወንድ ድምፅ ከሚዘምሩት፣ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ ናቸው ያዳኑኝ። «ልጄ፣ ሰው ትንሽ ሲቀርበት ነው ተመልሶ የሚመጣው» አሉ፣ ወሬው በዚያው አለቀ። ዛሬም በዚህ ሐሳብ ከእሳቸው ጋር ነኝ።

የመጀመሪያው ራስ ምታት ቴነር፣ ቀጭኑ የወንድ ድምፅ፣ ነበር። አራት ቴነር ብቻ ነው ያለን። ፎሬ ደግሞ ለቴነር የሚያዳላ ሰው ነው። መጀመሪያው ክፍል ላይ ኳየሩ ‹ሬኲየም ኤተርናም› ብሎ ከከፈተ በኋላ ያቺን ረጅም ዜማ ቴነሮቹ ብቻቸውን ነው የሚወስዷት። ‹አኙስ ዴኢ› የሚባለው ክፍል ላይም እንደዚሁ። አራት ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው ደግሞ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ከአልቶዎቹ፣ ዝቅተኛውን የሴት ድምፅ ከሚዘምሩት፣ ድምፃቸው ወፍራም የሆኑ ሁለቱን ለመንኩና ወደ ቴነር ተሻገሩ። መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን «ዜማ ማግኘት እንዲህ ይጥማል እንዴ!» ማለት ጀመሩ። አልቶ ዘምሮ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል።

ሁለተኛው ቂል ነገር ነው፣ ግን አንድ ሙሉ ምሽት በላብን። ሦስቱም አቀናባሪዎች ከሞቱ ብዙ ዘመን ስለሆነ ኖታቸው ከኢንተርኔት በነፃ ይወርዳል። እኔም «ፎሬን አውርዳችሁ አትማችሁ ኑ» ብዬ በግሩፑ ላይ ጻፍኩ። አተሙ፣ መጡ። «ገጽ 12፣ ከላይ!» ስል ግማሹ ‹ሳንክቱስ› የሚባለውን ክፍል ጀመረ፣ ግማሹ ገና ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው። ሬኲየሙ በትንሽ ኦርኬስትራና በሙሉ ኦርኬስትራ የተዘጋጀ፣ በየአሳታሚው የተለያየ ነው። ያን ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ አንዱን ቅጂ መረጥኩ፣ እያንዳንዱን ባር፣ በቋሚ መስመር የተከፈለውን የኖታ ክፍል፣ ቆጥሬ ቁጥሩን በእጄ ጻፍኩበት፣ ስካን አድርጌ ላኩላቸው። ከዚያ ወዲህ «ገጽ» የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። «ባር 42» ነው የምለው።

የመዝሙሮቹ ቃል ላቲን ነው፤ እሱ ግን አዝናናን። ላቲን እንደየአገሩ ነው የሚነበበው። ጣሊያኖች ‹አኙስ› ሲሉ ጀርመኖች ‹አግኑስ› ይላሉ። ብርሃን ታብራላቸው የሚለውን ቃል ጣሊያን ‹ሉቼአት› ሲለው ጀርመን ‹ሉጸአት› ወደሚለው ይጠጋል። ኳየሩ ውስጥ ግማሹ በቼ፣ ግማሹ በጸ ሲል መጨረሻው እባብ እንደሚያፏጭ ይሆናል። በጣሊያኑ ተስማማን። ኘም ቼም በፊደላችን ስላለ ቃሉን ሁሉ በግዕዝ ፊደል ጽፌ ከኖታው ሥር ለጠፍኩላቸው። አንድ ምሽት አልፈጀም። ‹ኪርዬ ኤሌይሶን› ላይማ ማንንም ማስተማር አላስፈለገኝም። ቃሉ ላቲን ሳይሆን ግሪክ ነው፤ ‹ኪርያላይሶን› ብሎ የሚያውቀው ሰው ወዲያው ያዘው።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን ‹አኙስ ዴኢ› ውስጥ ያለች አንዲት ኖታ ናት። መሃል ላይ ሁሉም ዝም ይልና ሶፕራኖዎቹ፣ ከፍተኛውን የሴት ድምፅ የሚዘምሩት፣ ብቻቸውን ‹ሉክስ› ይላሉ፤ ብርሃን ማለት ነው። አንድ ዶ ይይዛሉ። አይወጡም፣ አይወርዱም። ከዚያ ሌላው ድምፅና መሣሪያው ከሥራቸው ይገባና ቁልፉን፣ ዜማው የቆመበትን መሠረት፣ ይቀይረዋል። ኖታቸው ያው ዶ ነው፣ ግን ወለሉ ስለተቀየረ ሌላ ቀለም ያወጣል። ቤት ውስጥ ቁጭ ብለህ ደመና ከፀሐይ ላይ ሲገለጥ፣ እቃው ያው ሆኖ ክፍሉ እንደሚቀየረው። ይህች ነገር የምትሠራው ሶፕራኖዎቹ ካልነቃነቁ ብቻ ነው። ስለዚህ በየተራ እንዲተነፍሱ አደረግሁ። እያንዳንዷ ጎንሽ ያለችው ስትተነፍስ አንቺ እንዳትተነፍሺ ተባለች። ስትመለስም ከታች ቀስ ብላ ሾልካ ትገባለች። በየሳምንቱ ዐሥር ደቂቃ፣ ያቺን አንድ ዶ ብቻ። አንዳንዶቹ ሳቁብኝ።

ብሩክነርና ሞዛርት? «እነሱ ቀላል ናቸው» አልኩ። የሞዛርቷ 46 ባር ናት፣ የብሩክነሯ 48። በየልምምዱ መጨረሻ ላይ፣ ሰው ቦርሳውን እየፈለገ፣ አንድ አንድ ጊዜ እንወጣቸዋለን። ጊዜ ለመቆጠብ ብሩክነርንም ከፒያኖ ጋር ነበር የምናደርገው። ስህተቴ እዚያ ጋ ነው የተጠነሰሰው። ፒያኖ ሲደግፍህ ድምፅህ ወርዶ እንደሆነ አታውቅም። ስትወርድ እሱ ያነሳሃል፣ አንተ ደግሞ በራስህ የቆምክ ይመስልሃል።

የኮንሰርቱ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ማታ በምንዘምርበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመጨረሻ ልምምድ አደረግን። ባዶ ነበር። አንዴ አጨበጨብኩና ቆጠርኩ፤ ማስተጋባቱ አምስት ሰከንድ ቆየ። በዚህ ዓይነት ቤት ውስጥ ፈጥነህ ከዘመርክ ቃሉ ሁሉ ሾርባ ይሆናል፤ ሁሉንም ነገር ዘገም አደረግሁት። ማታ ሰው ሲሞላ ግን ልብስና ገላ ድምፁን ይጠጣዋል፣ ማስተጋባቱ ያጥራል። ዘገም ያልኩት በጣም ዘገምተኛ ሆኖ ተገኘ። ዝግታ ደግሞ ድምፅ ይጥላል፣ ትንፋሽ ያልቃላ!

ብሩክነርን ጀመርን። ይህቺን መዝሙር እ.ኤ.አ. በ1869 ሊንዝ ከተማ ለአንድ ጸሎት ቤት ምረቃ ነው የጻፋት። ቃሉ «ይህ ስፍራ በእግዚአብሔር የተሠራ ነው» ይላል። አጀማመራችን ጥሩ ነበር። መካከሉ ላይ ባሶቹ ዝም ይሉና ሌሎቹ ሦስቱ ድምፆች በቀስታ፣ በግማሽ ቶን በግማሽ ቶን፣ በትንሿ የድምፅ እርምጃ፣ ይሸራተታሉ። እዚያ ጋ ነው መውረድ የጀመርነው። ወደ ታች ያለው እርምጃ ሁሉ ትንሽ ይሰፋል፣ ወደ ላይ ያለው ትንሽ ይጠባል፤ ሰው ሳያውቀው ነው የሚያደርገው። ባሶቹ ሲመለሱ ጋሼ አንዴ ቀና ብለው አዩኝ። ገብቷቸዋል።

መጨረሻው ላይ ብሩክነር ረጅም ዝምታ አስቀምጧል። ሁሉም ድምፅ ይቆማል፣ ከዚያ የመጨረሻው ሐረግ በለሆሳስ ይመጣል። እኔ ወርደናል የሚለው ጭንቅ ይዞኝ ስለነበር ዝምታው ላይ ስንደርስ ተነፈስኩና እጄን አወረድኩ። የኳየር መሪ እጁን ካወረደ አለቀ ማለት ነው። ሰው ምን ያድርግ? አጨበጨበ።

እስኪበርድ ጠበቅኩ፣ እጄን አነሳሁ፣ የቀረችውን ሐረግ ጨረስን። አሁን ደግሞ ማጨብጨብ ፈራ። ከዚያ ኦርጋኑ፣ በቧንቧ የሚሰማው የቤተ ክርስቲያኑ መሣሪያ፣ የሞዛርትን መግቢያ ሲነካ የሶፕራኖዎቹ ቅንድብ ሁሉ ተነሳ። እኛ ወርደናል፣ ኦርጋኑ ደግሞ ወጥቷል። ቤቱ በሰው ሲሞቅ ቧንቧዎቹ ውስጥ ያለው አየርም ይሞቃል፣ ድምፃቸው ከፍ ይላል። በማግስቱ የኮንሰርቱን የድምፅ ቅጂ ከፒያኖ ጋር ሳስተያየው ብሩክነርን የጨረስነው ከጀመርንበት ግማሽ ቶን ዝቅ ብለን ነው።

የሚገርመው ሬኲየሙ ጥሩ ሄደ። ቫዮላና ቼሎዎቹ ኦርጋኑ በሞቀበት ልክ እንደገና ተቃኙ፣ ቴነሮቹ አላፈሩም፣ የተሻገሩት ሁለቱ አልቶዎች ከሁሉ በላይ ፈገግ ብለው ዘመሩ። ‹ሉክስ› ላይ ሶፕራኖዎቹ ያንን ዶ ያዙት። አልነቃነቁም። ሌላው ድምፅ ከሥር ሲገባ ፊት ወንበር ላይ ሞባይሏን የምትነካካ አንዲት ልጅ ቀና ስትል በጎኔ አየኋት።

አሁን ልምምዳችን የሚጀምረው በአጭሩ መዝሙር ነው፣ ጆሮ ሳይደክም። ያለ መሣሪያ የሚዘመር ነገር ላይ ፒያኖው ኖታ ለመማር ብቻ ነው፤ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ክዳኑ ይዘጋል። መጨረሻ ላይ ብቻ አንድ ኖታ ይነካና የት እንደደረስን ይፈረድብናል። አዳራሹ ውስጥ ስንለማመድ ደግሞ ማታ ሰው እንደሚሞላ አስቤ፣ ከሚመቸኝ ትንሽ ፈጠን አደርገዋለሁ።

ለሚመጣው መክፈቻ ‹ሎኩስ ኢስቴን› እንደገና አስገብቻታለሁ። እልህ ነው። ባለፈው ሳምንት ኖታዬን ስከፍት ዝምታው ያለበት ባር ላይ በቀይ እርሳስ፣ በትልቁ፣ ‹እጅ!› የሚል ተጽፎበት አገኘሁ። የጋሼ ጽሕፈት ነው።