አንገቱ በቃጫ የታሰረው ዮሴፍ

ካርቶኑን ሚኒባሱ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱም የኔው ነው። ውስጡ ከቁምስናችን ዕቃ ቤት የወጡ የልደት ምስሎች ነበሩ። ድሮ ሚሲዮናውያን ከጣሊያን ያመጧቸው ናቸው ይባላል። ማርያም፣ ዮሴፍ፣ ሕፃኑ፣ ሦስቱ ሰብአ ሰገል፣ ሁለት በግና አንድ አህያ። በሬው የጠፋው እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት እማማ ሲያስረክቡኝ "እንደ እንቁላል ያዘው" አሉኝ። እኔ ደግሞ ስፒከር ጫንኩበት።

የ2016 ገና እሑድ ነበር የዋለው። ታኅሣሥ 28 ማለት ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበረች በዓሉ በአንድ ቀን ቀደም አለ። ዓርብ ጠዋት ከአየር ጤና ተነሳን። አሥራ አራት የወጣቶች ማኅበር ልጆች፣ አንድ ሹፌርና እኔ። የኔ የማኅበር ዕድሜ አልፏል። "ትልቅ ሰው አብሯቸው ይሂድ" ተብሎ ነው የተላክሁት። ትልቅ ሰው መሆኔ በደንብ የገባኝ ግን ዓለም ገናን ሳናልፍ ነው። አንዷ ልጅ "ጋሼ፣ መስኮቱን ይዝጉልኝ" አለች። ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ። ማንም የለም።

መድረሻችን በእምድብር ሀገረ ስብከት ያለች አንዲት የገጠር ቁምስና ናት። እኛ ካቶሊኮች ቁምስና የምንለው አንድ ቆሞስ የሚመራውን አጥቢያ ነው። ጉራጌ አገር ለገና ስሄድ የመጀመሪያዬ ነበር። ለመስቀል ቢሆን መኪና ማግኘቱ ራሱ ጭንቅ ነው፤ አገሬው በሙሉ የሚገባው ያኔ ነውና። ለገና ግን እንዲህ አይደለም። ያም ሆኖ ከመነሳታችን በፊት "መንገዱ ሰላም ነው?" እያልን ሦስት ሰው ጋ ደውለናል። ይሄ አሁን አሁን ከስንቅ ጋር አብሮ የሚዘጋጅ ነገር ሆኗል።

ሰበታን አልፈን በቾ ሜዳ ላይ ስንወጣ ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል። መንገድ ዳር ልጆች እሸት ሽምብራ በእቅፍ ይዘው ይሮጣሉ። ከዚያ እስከ ወሊሶ ድረስ መኪናው ውስጥ የሚሰማው የሽምብራ ፍልፈላ ብቻ ነው። መዝሙር እናጠናለን ብለን ነበር፤ ማን ያጠናል። ወሊሶ ሽሮ በላን፣ ወልቂጤ ሻይ ጠጣን። ከወልቂጤ ወዲያ እንሰቱ ይጀምራል። ከየቤቱ ጀርባ ጥቅጥቅ ብሎ ሲታይ ቤቶቹ አረንጓዴ ጋቢ የደረቡ ይመስላሉ።

መንገድ ላይ ሹፌራችን ጠየቀኝ። "እናንተ ካቶሊኮች ገናን በፈረንጅ አልነበረም እንዴ የምታከብሩት?" ካቶሊክ ነኝ ባልኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ጥያቄ ነው። አይደለም። የእምድብር ሀገረ ስብከት የግዕዝ ሥርዓት ተከታይ ነው። ከበሮው ያው ነው፣ ቅዳሴው ያው ነው፣ ቀኑም ያው ነው። ልዩነቱ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ካህኑ የሮማውን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ስም ሲጠሩ ነው። "ሁለቴ የሚያከብሩ ካሉ ከውጭ የመጡ ሲስተሮች ናቸው" አልኩት። "ብልጦች" አለ።

የመጀመሪያ ማረፊያችን አጣጥ ሆስፒታል ነበር። ሜዲካል ሚሽን ሲስተርስ የሚባሉት ደናግል እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋሙት ነው። እዚያ ግቢ የእናቶች ማቆያ አለ። ቤታቸው ሩቅ የሆነ፣ ወይም ወሊዳቸው ያሰጋል የተባሉ እርጉዞች ቀናቸው ሳይደርስ መጥተው የሚቀመጡበት ነው። ምጥ ሲመጣ ሐኪሙ እጃቸው ላይ ነው። አገራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ማቆያ ከጀመሩት ቀደምት ቦታዎች አንዱ ነው። ሴቶቹ የራሳቸውን ምግብ እያበሰሉ፣ እየተጫወቱ ይቆያሉ።

ልጆቻችን ሁለት መዝሙር ዘመሩላቸው። በሦስተኛው ላይ አንዷ እርጉዝ ከበሮውን ከልጁ እጅ ወሰደችና ራሷ መታችው። ሆዷ ከበሮውን ያክላል። ከዚያ በኋላ የኛ ሰዎች አጨብጫቢ ሆነው ቀሩ። ስንት ጊዜ ቀርቶሻል አልኳት። "ሁለት ሳምንት ይላሉ። እኔ ግን ቤቴ ስድስት ሰዓት በእግር ነው፤ ሁለቱን ሳምንት ከዚያ መንገድ እመርጠዋለሁ" አለችኝ። በየዓመቱ ገና ሲመጣ "በእንግዶች ማረፊያ ስፍራ ስላልነበራቸው" የሚለውን እሰማለሁ። ስፍራ ማለት በትክክል ምን እንደሆነ ያሰብኩት ግን እዚያ ግቢ ቆሜ ነው።

ወደ ቁምስናዋ የደረስነው ፀሐይ ስትወርድ ነው። መኪናው የቆመው ጀፎረ ላይ ነው። ጀፎረ የጉራጌ መንደር መሐል የሚዘረጋ ሰፊ የሣር ጎዳና ነው። ከብት ያልፍበታል፣ ሰርግና ለቅሶ ይውልበታል፣ ሽማግሌ ይቀመጥበታል። በግራና በቀኝ ጎጆዎቹ ፊታቸውን ወደሱ አዙረው ተደርድረዋል። ማንም አጥር አስፍቶ ቆርሶ አልወሰደውም። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝና ቶሎ ያየሁት እሱን ነው።

ካርቶኑ የተከፈተው እዚያው ሣሩ ላይ ነው። የዮሴፍ ጭንቅላት ከአንገቱ ተለይቶ በጎቹ መሐል ተኝቷል።

ዝም አልን። ከዚያ አንዱ የኛ ልጅ መሳቅ ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። እኔ የእማማ ፊት ነው የታየኝ። የአገሬው ወጣቶች ማኅበር ሰብሳቢ፣ ቀጠን ያለ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ጭንቅላቱን አነሳና አገላብጦ አየው። ወደ አንድ ጓሮ ገብቶ ቃጫ ይዞ ተመለሰ። ቃጫ ከእንሰት የሚወጣው ጭረት ነው፤ ገመድ ይሠሩበታል። ጭንቅላቱን ከአንገቱ አጋጠመና ቃጫውን ሰባት ስምንት ዙር ጠመጠመለት። "ብርድ አይነካውም አሁን" አለ።

አባ ከሌላ ጸሎት ቤት በሞተር ሳይክል ሲመለሱ መሽቷል። ጸሎት ቤቶቹ ብዙ ናቸው፤ ካህኑ እሳቸው ብቻ ናቸው። እሳቸው በሌሉበት እሑድ ሕዝቡን ሰብስበው ወንጌል የሚያነቡት፣ ሕፃናቱን የሚያስተምሩት የትምህርተ ክርስቶስ መምህራኑና እነዚሁ ወጣቶች ናቸው። ቃጫ ያመጣው ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ተራራ ተሻግሮ ሕፃናት ያስተምራል። እኛ ለነዚህ ልጆች "የወጣት አገልጋዮች የአመራር ብቃት" የሚል ሥልጠና ይዘን ነበር የመጣነው። በፓወር ፖይንት። ከከተማ የሚሄድ ወጣት ማሠልጠን ይወዳል፤ እኔም በጊዜዬ እንዲሁ ነበርኩ።

ደግነቱ ቅዳሜ ጠዋት መብራት ጠፋ።

ላፕቶፑ ተዘጋ። አባ ወደኔ ዞረው "በል አንተ፣ ትልቁ ሰው፣ የሆነ ነገር ንገራቸው" አሉኝ። በአፌ የመጣልኝ የግሬቾ ታሪክ ነው። ያ ዓመት ደግሞ ስምንት መቶኛ ዓመቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1223 ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ጣሊያን ውስጥ ግሬቾ በምትባል መንደር ገናን ሲያከብር፣ ለአንድ ወዳጁ ድርቆሽ የሞላ ግርግም፣ አንድ በሬና አንድ አህያ አዘጋጅልኝ አለው። ሕዝቡ በሌሊት ችቦ ይዞ መጣ። ግርግሙ ላይ ቅዳሴ ተቀደሰ። ምስል የለም፣ ጌጥ የለም። ዛሬ በየካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ ለገና የምንሠራው ግርግም ከዚያች ሌሊት የወረደ ነው። ታሪኩ ለእምድብር ሩቅ አይደለም። ሀገረ ስብከቱ ራሱን ችሎ ሲቆም፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ የመጀመሪያው ጳጳስ የሆኑት አቡነ ሙሴ ገብረጊዮርጊስ ካፑቺን መነኩሴ ናቸው፤ ካፑቺኖች ደግሞ የፍራንቸስኮስ ልጆች ናቸው።

"ሉቃስ ግርግም ይላል እንጂ በሬና አህያ አይልም" አልኳቸው፣ ትንሽ ለመራቀቅ። "እነሱ የመጡት ከኢሳይያስ ነው፤ 'በሬ ገዢውን አህያም የጌታውን ጋጣ ዐወቀ' ከሚለው።" ከዚያ የተለመደውን ስብከት ቀጠልኩ። አምላክ ከሰው ቤት ተገፍቶ ከብት ማደሪያ ገባ፣ በብርድ፣ በውርደት፣ ወዘተ።

አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "ከብቶቹ ቤት ውስጥ አልነበሩም እንዴ?"

"አይ፣ በረት ነው።"

"በረቱ ቤት ውስጥ አይደለም?"

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄዋ የገባኝ ማታ የምናድርበት ቤት ስንገባ ነው። ትልቅ ክብ ጎጆ ነው፤ መሐሉ ላይ ምሰሶ፣ አጠገቡ ምድጃ። በአንዱ ወገን እኛ፣ በሌላው ወገን ሁለት ላምና አንድ ጥጃ። ደጋው ብርድ አጥንት ይገባል። የቤቱ እመቤት እንግዳ ስለሆንኩ የተሻለውን ቦታ ሰጡኝ፤ የተሻለው ቦታ ወደ ከብቶቹ የቀረበው ነው። ሙቀቱ ከነሱ ይመጣል። ጥጃው ሲተነፍስ እየሰማሁ ተጋደምኩ። እስከዚያ ቀን በረት ስል ከሰው የተጣለ ሰው የሚገባበት ነበር የሚመስለኝ። ለዚያች ልጅ ግን የቤቱ ሞቃት ወገን ነው። ሕፃን ቢወለድ የሚተኛው እዚያው ነው።

ወደ ቅዳሜ ከሰዓት ልመለስ። ግርግሙን የሠሩት እነሱ ናቸው፤ ልጆቻችን የረዱት ሣር በማቀበል ነው። ጎጆ ነው የሠሩት፣ ምሰሶ ያለው፣ ልክ እንደ ቤታቸው። የጎደለውን በሬ አንድ ሕፃን ከጭቃ አበጀው፤ ቀንዱ ከሰውነቱ ይበልጣል። የጣሊያኑ ማርያም ከጭቃው በሬ አጠገብ ስትቀመጥ ያላየ ምን አለ። አንዱ ልጅ እውነተኛ ጥጃ እናግባ ብሎ ነበር። አባ "ፍራንቸስኮስን ፈቅደውለታል፤ ለኔ የሚፈቅድልኝ የለም" ብለው ከለከሉ።

ማታ ጀፎረው ላይ ድራማ ነበር። ዮሴፍና ማርያም ማደሪያ ፍለጋ በር ያንኳኳሉ። ከአገሬው ልጆች ባለቤቱን ሆኖ የሚመልሳቸው አልተገኘም። ባለፈው ዓመት የተጫወተው ልጅ እስከ መስቀል ድረስ "እርጉዝ መላሹ" ሲባል ከርሟል አሉ። "እናንተ አዲስ አበባ ስላላችሁ ትችሉበታላችሁ" ብለው ለኛ ሰጡን። እውነታቸውን ነው።

የኛ ልጅ ፎጣ ራሱ ላይ ጥሎ ወጣ።

"ስንት ናችሁ?"

"ሁለት።"

"ሆዷን እያየሁት ሁለት ትለኛለህ? ሦስት ናችሁ። ልጅ ያለው አላከራይም። ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የምትመጣው፣ ዳይፐር ሊታጠብ ነው?" ዳይፐር አይታጠብም ብሎ ከኋላ አንዱ ጮኸ። "ዝም በል። የስድስት ወር ቅድሚያ አላችሁ?"

የአዲስ አበባዎቹ በሳቅ ሞትን። እኔ ባለፈው ሰኔ ቤት ስፈልግ ቃል በቃል የሰማሁት ነው። ቀና ስል ግን የአገሬው ሰው አይስቅም። ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት በጉራግኛ አንድ ነገር አሉ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። አጠገቤ ያለውን ልጅ ምን አሉ አልኩት።

"'ይሄ ልጅ እናት የለውም ወይ?' ነው የሚሉት።"

አከራዩ ፎጣውን አወለቀ። ከዚያ በኋላ ያለውን ቃል ረሳው፤ ድራማው እንደምንም ነው ያለቀው።

እኩለ ሌሊት አካባቢ ሕዝቡ በስልክ መብራት ጀፎረውን እያቋረጠ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገባ። መብራት አልመጣም። የኛ ባለቀለም አምፖል ከካርቶኑ ሳይወጣ ቀረ፤ ስፒከሩም። ጧፍና ከበሮ በቂ ነበር። ምናልባትም ከዚህ ሌላ ነገር ቢጨመር ይበዛ ነበር። ሴቶቹ እልል ሲሉ የጭቃው በሬ አንድ ቀንድ ወደቀ። ያየሁት እኔና የሠራው ሕፃን ብቻ ነን፤ ተያየን፣ ዝም አልን።

ቅዳሴው ሲያልቅ አባ ልብሰ ተክህኗቸውን አጥፈው ሞተሩ ላይ ወጡ። ሌላ ጸሎት ቤት ይጠብቃቸዋል። "ክትፎ አስቀምጡልኝ" አሉ፣ ጭጋጉ ውስጥ ገቡ። አስቀመጥንላቸው፤ በጣባ፣ ከአይብና ከቆጮ ጋር። ሲመለሱ ቀዝቅዞ ነበር።

ሰኞ ስንመለስ አጣጥ ቆም ብለን ዳቦ ሰጠን። ከበሮ የመታችው ሴት አሁንም እዚያው ናት፤ ልብስ ታሰጣለች። "ገና ነኝ" አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።

አዲስ አበባ ገብተን ካርቶኑን ለማስረከብ ዕቃ ቤት ሄድኩ። ቃጫውን ልፈታው ነበር፤ ሙጫም ገዝቼ ነበር። ተውኩት። እማማ ምስሎቹን አንድ በአንድ እያወጡ ቆጠሩ። ዮሴፍ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ።

"አንገቱ ላይ ምንድን ነው?"

"ብርድ መትቶት ነው እማማ" አልኳቸው።