ቅዳሜና እሁዴን ለስድስት ኪሎ ሰጠሁት

ባለፈው ዓመት ከአዳማ ለሁለት ቀን አዲስ አበባ ሄጄ አራት ጓደኛ፣ ሦስት ጋለሪና ሁለት ሙዚየም ላዳርስ ነበር ሐሳቤ። ከአያት ፒያሳ፣ ከፒያሳ ቦሌ ስል ቀኑ በታክሲ ሰልፍ አለቀ። ቦሌ አካባቢ ወዳለ አንድ የግል ጋለሪ ስደርስ ኤግዚቢሽኑ እየተነሳ ነበር። ስዕሎቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተደርድረዋል። ይባስ ብሎ አያት ሰፈር የምትኖረው ጓደኛዬ ምሳ ሠርታ ስትጠብቀኝ ቀረሁባት። እሱ እስካሁን ይቆጨኛል።

ዘንድሮ አንድ ሰፈር ብቻ አልኩ። የማድርባት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ቤቷ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስለሆነ፣ ከስድስት ኪሎ እስከ አምስት ኪሎ ያለው ይበቃኛል ብዬ ቆረጥኩ። ለሌሎቹ ከሳምንት በፊት ደውዬ «በየቤታችሁ መዞር አልችልም፤ ቅዳሜ ምሳ እዚያው ኑልኝ» አልኳቸው። ኩራት እንዳይመስልብኝ ፈርቼ ነበር። ሁሉም ደስ እያላቸው መጡ፤ የአያት ሰፈሯም ሳትቀር። ሙዚየሞቹ ጋም ቀድሜ ስለ መግቢያ ሰዓት ጠየቅኩ። ሁለት የስልክ ጥሪ ናት፤ ግን አምና ባደርገው ኖሮ ስንቱ በተረፈ።

ዓርብ ማታ ደረስኩ። ጾም ስለሆነ ምግብ ቤት ፍለጋ አልወጣንም። ትኩስ ሽሮ በሸክላ፣ ከጎኑ ቃሪያ፣ ከዚያ ወሬ እስከ ሌሊት።

ቅዳሜ ጠዋት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ገባን። ቤቱ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት። የንጉሡን መኝታ ቤት ቶሎ አለፍነው። የቆየነው ከጥንቶቹ የቤተ ክርስቲያን ስዕሎች ጋ ነው። እንጨት ላይ የተሳሉ ናቸው። አንዳንዶቹ እንደ መጽሐፍ ይከፈታሉ፤ ጠርዛቸው ላይ ክር የገባበት ቀዳዳ ይታያል። ቀለሙ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኖቹ ግን አሁንም ትኩር ብለው ያዩሃል። ጓደኛዬ «እስኪ ዓይናቸውን ቁጠር» አለችኝ። በቤተ ክርስቲያን አሳሳል ጻድቃን በሁለት ዓይን ሲሳሉ ክፉዎቹ በጎን፣ ባንድ ዓይን ነው የሚሳሉት። ይህን ካወቅክ በኋላ ማንም ሳይነግርህ ስዕሉን ታነበዋለህ። አብዛኞቹ ሠዓሊዎች ስማቸውን አልጻፉም። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን ግን ጣና ላይ ባለው ዳጋ እስጢፋኖስ ስሙ ያለበት ስዕል ትቶልናል። አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያ ክፍል ቆየን። እንደ አምናው ብሮጥ ኖሮ አስር ደቂቃም አልሰጠው።

ከዚያ በእግራችን ወደ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ሄድን። ገብረ ክርስቶስ ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ተምሮ፣ በስደት አሜሪካ የሞተ ሠዓሊና ገጣሚ ነው። ከቤተ ክርስቲያኖቹ ስዕሎች ቀጥሎ የእሱን ማየት ጥሩ ቅደም ተከተል ሆነልኝ። እዚያ ፊትና ዓይን ነበር የሚመራኝ። እዚህ ቀለሙ ብቻውን ይናገራል። መጀመሪያ ግር አለኝ፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ስል ቀስ እያለ ገባኝ።

ምሳ ላይ አምስት ሆንን። ክትፎ ቤት ገብተን በየሰው አላዘዝንም፤ ሁለት ስፔሻል መጀመሪያ፣ ሲያልቅ ይጨመራል። አንዱ ለብለብ፣ አንዱ ጥሬ። ቆጮው ስስ ነው፤ ጎመኑና አይቡ እየተደጋገመ መጣ። እዚያው አስር ሰዓት ሆነ። ከሰዓት ሌላ ጋለሪ አስበን ነበር፤ ተውነው። ጓደኞቼ በአንድ ገበታ ከተሰበሰቡ ሦስት ዓመት አልፏቸው ነበር፤ ማን ይነሳል? ሂሳቡ ላይ ግብግብ እንዳይፈጠር ቀድሜ ከፍዬ ነበር። ተቆጡኝ፤ ግን አለፈ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ገብተን፣ ድንቅነሽን አይተን ፎቅ ወዳሉት ስዕሎች ወጣን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንገድ ጀመርኩ፤ ሳይመሽ ቤቴ ገባሁ።

ለሚቀጥለው ጊዜ የአፍሪካ አዳራሽን መርጠናል። የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወቶች 150 ካሬ ሜትር ናቸው። ከመሄዳችን በፊት የጉብኝት ቦታ የምትይዝልን የአያት ሰፈሯ ጓደኛዬ ናት። ምሳም በሷ በኩል ነው፤ ያኔ የቀረሁባትን ምሳ ልበላላት ቃል ገብቻለሁ።