አረሙ ካለቀ ጨዋታው ያልቃል

ሥራዬ ቴስተርነት ነው። ፕሮግራመሮች የሠሩትን ተቀብዬ ተጠቃሚው እጅ ሳይገባ በፊት የሚበላሽበትን ቦታ እፈልጋለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የሶፍትዌር ቢሮ ስሠራ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ጌም የሚሠራ ብቻ ሳይሆን ለሰው ሥራ ነጥብና ሽልማት የሚመድብ ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

ደንበኛችን የግብርና ምክር የሚሰጥ የስልክ መተግበሪያ ያሠራ ነበር። ሰው ምክሩን አንብቦ ቶሎ እንዳይወጣ አንድ ሚኒ ጌም ይጨመርበት ተባለ። በየሳምንቱ ከፍተኛ ነጥብ ላመጡ አሥር ሰዎች የሞባይል ካርድ እንዲሸለምም ተወሰነ። ካርዱ ከመጣ በኋላ ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ነጥቡ ላይ ስህተት ካለ ሽልማቱ ለማይገባው ሰው ይሄዳል፤ የሚገባው ደግሞ ተበድሎ ይቀራል፣ ለማን እንደሚያመለክትም አያውቅም።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ስክሪኑ ላይ 8 ዓምድ በ16 ረድፍ የሆነ ማሳ አለ። ማሳው ላይ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ አረም እዚህም እዚያም በቅሏል። ከላይ ጥንድ ጥንድ ፍሬ ይወርዳል። የጥንዱ ሁለት ፍሬዎች ቀለማቸው ሊለያይም አንድ ሊሆንም ይችላል። ተጫዋቹ ጥንዱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወስደዋል፣ ያዞረዋል፣ የሚፈልገው ቦታ ላይ ያሳርፈዋል። አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው አራት ወይም ከዚያ በላይ አግድም ወይም ሽቅብ ሲሰለፉ ይጠፋሉ፤ በሰልፉ ውስጥ አረም ካለ አብሮ ይነቀላል። በሰያፍ መሰለፍ አይቆጠርም። ጓደኛው የጠፋበት ፍሬ የሚያርፍበት ነገር ከሌለ ወደ ታች ይወድቃል። አረም ግን አይወድቅም፣ የበቀለበት ቦታ ላይ እንዳለ ይቆያል። አረሙ በሙሉ ሲነቀል ወደሚቀጥለው ደረጃ ይታለፋል፤ ፍሬው እስከ ላይ ተከምሮ አዲስ ጥንድ መግቢያ ሲያጣ ደግሞ ጨዋታው ያበቃል።

የድሮ ጌሞችን የሚያውቅ ሰው መነሻውን ወዲያው ይለየዋል። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው ዶክተር ማሪዮ ነው። እዚያ ማሳው ጠርሙስ ነው፣ ፍሬው ባለ ሁለት ግማሽ የመድኃኒት እንክብል ነው፣ አረሙ ቫይረስ ነው። ቀለሞቹም ያው ሦስቱ ናቸው፣ የማሳው ስፋትም ያው ነው። ዲዛይነራችን የአጨዋወቱን ደንብ በጥንቃቄ አጥንቶ ነው የወሰደው።

የነጥቡን አሰጣጥ ግን ከራሱ አወጣው። ሐሳቡ ቅን ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ጌም ነክቶ የማያውቅ ሰው ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ነጥብ ሲገባለት ይበረታታል ብሎ ነው። ስለዚህ አራት በተሰለፈ ቁጥር አረም ቢኖርበትም ባይኖርበትም 40 ነጥብ ይሰጣል፤ ለእያንዳንዱ የተነቀለ አረም 20 ይጨመራል፤ ደረጃ ሲታለፍ 500 ይገባል።

ለደንበኛው ከማስረከባችን በፊት የቢሮው ሰው ሁሉ እንዲጫወተው አደረግን። ይህን ሁልጊዜ እሟገትለታለሁ። ጌሙን የሠራ ሰው መጫወት ያለበትን አጨዋወት ስለሚያውቅ ያንኑ ይጫወታል፤ ሌላው የሚያደርገውን እሱን በማየት ልታውቁት አትችሉም። ከጥቂት ቀን በኋላ የነጥብ ሰንጠረዡን ስከፍት አንደኛ ሆነው ያገኘኋቸው የሒሳብ ሠራተኛችንን፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸውን እናት ነው። ነጥባቸው ከሁለተኛው ሰው ብዙ እጥፍ ነበር። የደረሱበት ደረጃ ደግሞ ሦስተኛው ብቻ! ከእሳቸው በታች ያሉት ስምንተኛና ዘጠነኛ የደረሱ ልጆች ናቸው።

ፕሮግራመሩ «ድምሩ ተበላሽቷል» አለ። መዝገቡን አውጥቼ መስመር በመስመር ደመርኩት። አርባ፣ አርባ፣ አርባ እያለ ይቀጥላል። አንድም የተሳሳተ ድምር የለበትም።

ምሳ ሰዓት ላይ ሄጄ «እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ነጥብ እንዴት አመጡት?» አልኳቸው።

«ነይ፣ ቁጭ በይና እይ» አሉኝ።

ሦስተኛው ደረጃ ላይ ካሉት 12 አረሞች አሥራ አንዱን ነቅለው ጨርሰዋል። አንዲት ቢጫ አረም ከግራ ጥግ ታች ቀርታለች። ቢጫ ፍሬ ሲመጣ ከእሷ አርቀው በቀኝ በኩል ያኖራሉ። ቀዩን ከቀይ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ እያደረጉ አራት ሲሞላ ያጠፋሉ፣ አርባ ይገባላቸዋል፤ እንደገና ይደረድራሉ። ፍጥነቱ የሚጨምረው ደረጃ ሲታለፍ ብቻ ስለሆነ ምንም የሚያስቸኩላቸው ነገር የለም። ስልክ ሲደወል አቁመው ያነሣሉ፣ ተመልሰው ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

«ይቺን አንዷን ለምን አይነቅሏትም?»

«ልጄ፣ አረሙ ካለቀ ጨዋታው ያልቃል። ወደ አራተኛው ሳልፍ አረሙም ይበዛል፣ ፍሬውም ይፈጥናል። አምስት መቶ ትሰጡኛላችሁ፣ አውቃለሁ፤ አምስት መቶ ግን አሥራ ሦስት ጊዜ አራት አራቱን ብሰበስብ እዚሁ ተቀምጬ አገኘዋለሁ። ታዲያ ለምን ብዬ ነው የምነቅላት?»

አሥራ ሦስት ጊዜ አርባ 520 ነው። የሒሳብ ሰው ናቸው፣ ተሠልቶ ያለቀ ነገር ነበር።

ከሰዓት በኋላ ተሰበሰብን። ፕሮግራመሩ ይህ ማጭበርበር ነው፣ እንዲህ የሚጫወት ሰው ከሽልማቱ ይታገድ አለ። አለቃችን ለእያንዳንዱ ደረጃ የጊዜ ገደብ እናድርግ የሚል ሐሳብ አመጣ። ሁለቱንም ተቃወምኩ፤ ዛሬም ቢሆን እቃወማለሁ። እትዬ የጣሱት ደንብ የለም። የደንቡ ገጽ «ብዙ ነጥብ ያመጣ ያሸንፋል» ይላል፣ እሳቸውም ብዙ ነጥብ አመጡ። ማሳው እንዲጸዳ የምንፈልገው እኛ ነን፤ ነጥባችን ግን አታጽዱ እያለ ይመክራል። ለቀን ሠራተኛ የዶማውን ምት እየቆጠረ የሚከፍል ባለማሳ አረሙ ባያልቅ ሠራተኛውን ሊወቅስ አይችልም። የጊዜ ገደቡ ደግሞ የሚጎዳው ጌሙ የተሠራለትን ሰው ነው፤ ስልኩ አሮጌ የሆነ፣ ጣቱ ስክሪን ያልለመደ፣ አስቦ የሚያሳርፍ ሰው። እሱን አስቸኩሎ ማባረር ለምን ይጠቅመናል?

ነጭ ሰሌዳው ላይ የዶክተር ማሪዮን ነጥብ ጻፍኩላቸው። እዚያ እንክብል ብቻ ተሰልፎ ቢጠፋ የሚገኘው ነጥብ ዜሮ ነው። ነጥብ ያለው ቫይረስ ላይ ብቻ ነው። በዝቅተኛው ፍጥነት አንድ ቫይረስ 100 ያስገኛል። በአንድ እንክብል ሁለት ከጠፉ ሁለተኛው 200 ሆኖ ድምሩ 300 ይሆናል፤ ሦስት ከሆኑ 700፣ አራት ከሆኑ 1500። መካከለኛ ፍጥነት የመረጠ ሰው መነሻው 200፣ ከፍተኛ የመረጠ 300 ነው። መነሻው ደረጃ ዜሮ ላይ 4 ቫይረስ አለ፣ በየደረጃው 4 እየጨመረ ደረጃ 20 ላይ 84 ይደርሳል። ፍጥነቱም እዚያው ደረጃ ውስጥ እያሉ በየ10 እንክብሉ በጥቂቱ ይጨምራል።

ይህን አቀማመጥ ስታዩት እትዬ ያገኙት በር ከመጀመሪያውም የለም። በአንድ ደረጃ ላይ የሚገኘው ነጥብ በቫይረሱ ቁጥር የተወሰነ ነው። አንዱን ትቶ መቀመጥ ምንም አያስገኝም፤ ተጨማሪ ነጥብ የሚፈልግ ሰው ወደሚቀጥለው ደረጃ ማለፍ አለበት። የሠሩት ሰዎች ማንንም ማገድ፣ ማንንም መጠርጠር አላስፈለጋቸውም። በጣም የማደንቀው ሥራ ይህ ነው።

ዲዛይነሩ «እሺ፣ ሰንሰለቱስ?» አለ። አንድ ሰልፍ ሲጠፋ ከላይ የወደቀው ፍሬ ሌላ ሰልፍ ቢሠራ ከፍ ያለ ነጥብ እንዲኖረው ይፈልግ ነበር። እዚህ ላይ ሌላ ጌም አነሣሁ፣ ኮምፓይል የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረውን ፑዮ ፑዮ። ማሳው 6 ዓምድ በ12 ረድፍ ነው፤ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው አራት ኳሶች በማንኛውም ቅርጽ ጎን ለጎን ከተነካኩ ይጠፋሉ፣ መሰለፍ አያስፈልጋቸውም። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሁለተኛው ፑዮ ፑዮ የጠፉት ኳሶች ቁጥር በ10 ይባዛል፣ ከዚያም ለሰንሰለት፣ ለቀለም ብዛትና ለቡድን ትልቅነት በሚሰጡ ጭማሪዎች ድምር ይባዛል፤ ጭማሪ ከሌለ በ10 የተባዛው እንዳለ ይቀራል። አራት ኳስ ብቻ ማጥፋት 40 ነጥብ ነው። ያ ያወረደው ሁለተኛ አራት ግን በ8 ተባዝቶ 320 ይሆናል። ሦስተኛው በ16 ተባዝቶ 640፣ አራተኛው በ32 ተባዝቶ 1280። አራት እርከን ያለው ሰንሰለት በድምሩ 2280 ያመጣል፤ እነዚያኑ አራት ቡድኖች ለየብቻ ያጠፋ ሰው የሚያገኘው 160 ነው።

ነጥቡ ደግሞ ዝም ብሎ የሚከማች አይደለም። በየ70 ነጥቡ አንድ አስቸጋሪ ኳስ ተጋጣሚው ማሳ ላይ ይወርዳል። በ40 ነጥብ ምንም አይወርድም፤ በ2280 ግን 32 ኳስ ይወርዳል፣ ይህም ከአምስት ሙሉ ረድፍ በላይ ነው። ተጫዋቹ ከታች ጀምሮ እየደረደረ ሰንሰለት የሚያሳድገው፣ ሳይጨርስ በተጋጣሚው እንዳይመታ የሚፈራውም ለዚህ ነው። ሲበዛ የሚያምር ሥራ ነው። ሁለት ቡድን እኩል ሲጠፉና ተከታትለው ሲጠፉ እንኳን ልዩነት አለው። ቀለማቸው የተለያየ ሁለት ባለ አራት ቡድኖች በአንድ ቅጽበት ቢጠፉ 240 ነው፣ አንዱ ሌላውን አስከትሎ ቢጠፉ 360።

የእኛ ጌም ግን ተጋጣሚ የለውም። አንድ ሰው ከስልኩ ጋር ብቻውን ነው። ሰንሰለት ብቻውን ቢከፈለው ማሳውን ሳያጸዳ ሰንሰለት እየሠራ ይኖራል፤ እትዬ ከነገሩን የተለየ ነገር አይመጣም። ስለዚህ ነጥቡ አረም ላይ ብቻ ይሁን፣ ሰንሰለቱ የሚረባው ተጨማሪ አረም ሲነቅል ብቻ ይሁን አልኩ። ዲዛይነሩ ለረጅም ጊዜ ሰሌዳውን ሲያይ ቆየና ተስማማ። ለጀማሪው የነበረው ሐሳብም አልተጣለም። ፍሬ ብቻ ሲጠፋ ነጥብ ቀርቶ ደስ የሚል ድምፅ እንዲሰማና ማሳው ለአፍታ እንዲያበራ አደረገው። እኔ ይህ ከ40 ነጥብ ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ሰው የሚበረታታው ትክክል እንዳደረገ ሲያውቅ ነው።

ለመጀመሪያ አረም 100፣ ለሁለተኛው 200፣ ለሦስተኛው 400 እያለ እንዲሄድ፣ ፍጥነቱም በየ10 ጥንዱ እንዲጨምር ተወሰነ። ደረጃ ለማለፍ ይሰጥ የነበረው 500 ቀረ።

አዲሱን ቅጂ መጀመሪያ የወሰድኩት ወደ እትዬ ነው። የደንቡን ገጽ አነበቡና ገና አንድ ፍሬ ሳያሳርፉ ጠየቁኝ፦

«አንዱን አረም ነቅዬ፣ ከላይ የወደቀው ፍሬ ደግሞ ሌላውን ቢነቅልልኝ፣ የሁለተኛው መቶ ነው ሁለት መቶ?»

ገጹ ላይ አልተጻፈም። ኮዱን ስናይ ፕሮግራመሩ ፍሬ ወድቆ በቆመ ቁጥር ቆጠራውን ከአንድ ያስጀምረዋል። በዚያ አካሄድ ሁለተኛው 100 ይሆናል። ዲዛይነሩ ደግሞ 200 ነው ብሎ ነበር የሚያስበው። ሁለቱም ለወራት አንድ ክፍል ውስጥ ሲሠሩ ይህን ተነጋግረውበት አያውቁም። ካርድ የሚሸለምበት ጌም ላይ ይህ ልዩነት ሕዝብ እጅ ቢገባ ኖሮ የቅሬታ ስልኩን ማን ያነሣው ነበር?

ከጥንዱ ማረፍ ጀምሮ የሚቀጥለው ጥንድ እስኪመጣ ድረስ የተነቀለ አረም ሁሉ አብሮ እንዲቆጠር ተስማማን፤ ገጹ ላይም ይኸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጻፈ። ሦስት መፈተሻ አዘጋጀሁ። አንደኛው ሁለት አረም በአንድ ሰልፍ የሚነቀልበት፣ ሁለተኛው ሁለት ሰልፍ እኩል የሚጠፋበት፣ ሦስተኛው ፍሬ ወድቆ ሁለተኛውን የሚነቅልበት። ሦስቱም 300 መስጠት አለባቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወዲያው አለፉ። ሦስተኛው 200 እያለ አስቸገረ፤ ፕሮግራመሩ ቆጠራውን ወደ ጥንዱ መምጫ እስኪያዛውረው ድረስ አላለፈም። ለደንበኛው ያስረከብነው ሦስተኛው መፈተሻ 300 ካለ በኋላ ነው።