ጥርሱ ለምን ይጨፍራል?

የምሠራው ከአገራቸው ተሰደው የመጡ ሰዎች የሚታከሙበት ክሊኒክ ውስጥ ነው። ሥራዬ ስለ ጥርስና ድድ ማስተማር ነው። ድሮ በወረቀት ነበር የምናስተምረው። ወረቀቱ ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ወደ ስልክ ዞርን። በየሳምንቱ አጭር ቪዲዮ በቴሌግራም እንልካለን፤ ከሥሩ አምስት ጥያቄ አለ።

አኒሜሽኑ በሌላ ቋንቋ የተሠራ ነበር። ምስሉን እንዳለ ትተን ድምፁን ብቻ በአማርኛ ቀዳንበት። ጽሑፉን መጀመሪያ ያስተረጎምነው በማሽን ነበር። ጥርስ ላይ የሚጋገረውን ቆሻሻ «የመታሰቢያ ሐውልት» ብሎት አረፈው! «የመታሰቢያ ሐውልትዎን በቀን ሁለት ጊዜ ያስወግዱ።» ቢሮው በሳቅ አለቀ። እሱን አርመን፣ እኔው በድምፄ አንብቤው፣ በቃ ተወጣነው አልን።

ቁጥሩ ደግሞ ደስ ይላል። ቪዲዮው ይታያል፤ ጥያቄው ይመለሳል፣ ያውም በትክክል። ለአለቃዬ የሚሄደውን ሪፖርት ጽፌ ጨርሻለሁ። መላክ ብቻ ነው የቀረኝ።

በዚያው ቀን አንዲት እናት የ7 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ ጉንጯን በእጇ ደግፋለች። የታችኛው መንጋጋ ጥርሷ ተቦርቡሯል። የእናትየዋን ስም ዝርዝሩ ላይ ፈለግሁት። ከጎበዞቹ አንዷ ናት፤ 5 ከ5።

«የወተት ጥርስ መስሎኝ እኮ ነው እህቴ። ይወልቃል ብዬ ተውኩት» አለች።

አይደለም። ይሄ መንጋጋ በ6 ዓመት ግድም ከወተት ጥርሶቹ በስተኋላ የሚበቅል ቋሚ ጥርስ ነው። እሱ ሲመጣ የሚወልቅ ጥርስ ስለሌለ ወላጅ ልብ አይለውም። ይህን ደግሞ ሦስተኛው ቪዲዮ ላይ በገዛ ድምፄ ተናግሬዋለሁ።

ብሩሽና የጥርስ ሳሙና ሰጠኋትና «እስቲ ቤት እንደሚያደርጉት ያሳዩኝ» አልኳት።

ብሩሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሳሙና ሞላችው፤ ልክ እንደ ማስታወቂያ ጫፉን ጠምዘዝ አድርጋ። ልጅቷን በትዕግሥት ቦረሸቻት። የኋለኛውን መንጋጋ ግን አልነካችውም። ከዚያ ብርጭቆ ውኃ ቀዳችና «ተጉመጥመጪ» አለቻት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

«ይሄን ከየት ተማሩት?»

«ከእናንተው ቪዲዮ።»

ስልኳን አውጥታ ከፈተችልኝ። ድምፁ ጠፍቷል።

«ሁሌ እንዲህ ነው የሚያዩት?»

«አንድ ክፍል ውስጥ ለአራት ነው የምንኖረው። የሌሊት ፈረቃ ሠርተው ቀን የሚተኙ አሉ። ድምፅ የት ይከፈታል?»

የራሴን ቪዲዮ ያለ ድምፅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። እኔ «ለልጅ የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች» በምልበት ቦታ ስዕሉ ብሩሽ ሙሉ ሳሙና ያሳያል። «ሳሙናውን ትፍ ይበሉ እንጂ አይጉመጥመጡ፤ ጥርስን ከመቦርቦር የሚጠብቀው ፍሎራይድ ጥርስ ላይ ይቆይ» በምልበት ቦታ ብርጭቆ ከች ይላል። ስለ መንጋጋው የማወራበት ላይ ደግሞ አንድ ጥርስ መነጽር አድርጎ ይጨፍራል።

«ይሄ ጥርስ ለምን እንደሚጨፍር ግን ሁሌ ይገርመኛል» አለች። ምን ልበላት?

የዓለም ጤና ድርጅት ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና በ2021 እ.ኤ.አ. ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል። እኛ መድኃኒቱን አስይዘን ወዲያው በውኃ እንዲታጠብ ስናስተምር ከርመናል ማለት ነው። ለካስ ያ ያሳቀን የሐውልት ስህተት ቀላሉ ኖሯል።

አምስት ከአምስቱስ? «እሱን ትልቁ ልጄ ነው የሚሞላልኝ። 11 ዓመቱ ነው፤ ትምህርት ቤትም ተምሮታል።» ተሰዶ በመጣ ቤተሰብ ስልኩን የሚነዳው ልጅ ነው። ቀጠሮ የሚይዘውም፣ ደብዳቤ የሚያነበውም እሱ ነው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ እኔም ለእናቴ እንደዚያው ነበርኩ። ሪፖርቱን ስጽፍ ግን ትዝ አላለኝም።

ሐኪሙ የልጅቷን ጥርስ ሞላላት። ሪፖርቱ ሳይላክ ቀረ።

አኒሜሽኑን ጣልነው። በስልካችን እጅ፣ ብሩሽና አፍ ብቻ ቀረጽን። ድምፅ የለውም። መንጋጋው ሲመጣ ጣት ይጠቁመዋል፤ ከሥሩ በትልቁ «ይሄ አይወልቅም» የሚል ይወጣል። በጥያቄዎቹ ፋንታ በየሳምንቱ ለጥቂት ሰዎች በቪዲዮ ደውለን «እስቲ ያሳዩን» እንላለን። አድካሚ ነው። አለቃዬም ቁጥሩ ስላነሰበት እስካሁን ቅር እንዳለው ነው።

አዲሱን መጀመሪያ ያሳየሁት ለእሷ ነበር። ዝም ብላ ሁለቴ አየችው። ከዚያ ብሩሹን አነሳች። ሳሙናውን አተር አሳከለች። ልጅቷን ከፊት ጀምራ እስከ መጨረሻው መንጋጋ ድረስ ቦረሸቻት። ልጅቷ ትፍ አለች። እናትየው እጇን ወደ ብርጭቆው ሰደደች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች፤ አየችኝና ሳቀች።

«ልማድ እኮ ነው!»