ከእማማ ጋር የምንጋራው ግድግዳ

ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ መብራትም ከጠዋት ጀምሮ አልጠፋም፣ እኔም መሬት ላይ በደረቴ ተኝቼ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ኬብል ስስብ ነው የዋልሁት። አሁን አለቀ ማለት እችላለሁ። ሦስት ወር የፈጀብኝ ነገር ስለሆነ ከአእምሮዬ ሳይጠፋ ልጻፈው ብዬ ነው የተቀመጥሁት።

ደብረ ማርቆስ የተከራየኋት ቤት ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ናት፣ ሁለተኛ ፎቅ። ርዝመቷ 4 ሜትር ገደማ፣ ወርዷ ከ3 ትንሽ ከፍ ይላል፣ ፍራሹም እዛው ቴሌቪዥኑም እዛው፣ ወጥ ቤቷ ሁለት ሰው አታስቆምም። በግራ በኩል ካለው የብሎኬት ግድግዳ ጀርባ እማማ ይኖራሉ፣ ስማቸውን እዚህ አልጽፈውም፣ ፎቁ ላይ ያለን ሁሉ እማማ ነው የምንላቸው።

እኔ ድምፅ እወዳለሁ። ልጅ ሆኜ ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወርድበት ቤታችን ውስጥ ሬዲዮ አይሰማም ነበር፣ አባቴ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ነበር ዜና የሚያዳምጠው፣ እኔም አንድ ቀን ሁሉ ነገር ጥርት ብሎ የሚሰማበት ቤት ይኖረኛል እያልሁ ነው ያደግሁት። ጌሙም እንደዛው ነው። ጌም ቤት በየጨዋታው እየከፈልን ተራ ጠብቀን ነበር የምንጫወተው፣ ከኋላህ አስር ልጅ ቆሞ እየጮኸ የጨዋታውን ድምፅ ማን ይሰማዋል? ስለዚህ ዕቁብ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የገዛሁት ያገለገለ ፒኤስ 4 ስሊም (ፕሌይስቴሽን) ነው። ጌሞቹን በዲስክ ነው የምይዛቸው፣ እኛ ጋ ዳታ ለወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ በዲስክ ያለው ሰው ሳይቸገር ነበር የሚጫወተው፣ ያን ጊዜ አልረሳውም። ስፒከሮቹን ደግሞ ከመርካቶ ነው ያመጣኋቸው፣ ያገለገሉ የእንጨት ሳጥን ናቸው፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ አንዱን ጭኔ ላይ አንዱን እግሬ ሥር አድርጌ። ጎሐ ጽዮንን አልፈን አባይ በረሃ ስንወርድ ጆሮዬ ድፍን አለ፣ ደጀን ስንወጣ ነው የተከፈተው፣ ያኔ የአውቶብሱ ሞተር ራሱ አዲስ ሆኖ ተሰማኝ።

አምፕሊፋየሩ ግን ከአሜሪካ ነው። የአክስቴ ልጅ «ሪሲቨር ልኬልሃለሁ» ሲለኝ የዲሽ ነበር የመሰለኝ፣ እኛ አገር ሪሲቨር ከተባለ ዲሽ ነውና። ከካርቶኑ ስናወጣው ግን አንድ ሰው በሁለት እጁ የሚሸከመው ጥቁር አምፕ ነው። ጀርባው ላይ 120 ቮልት 60 ሄርዝ ይላል። እኔ አላነበብሁትም፣ ደስታው አላስነበበኝም፣ በቀጥታ 220 ላይ ሰካሁት። ጧ! ከዛ ዝም። ትንሽ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ሰው ከዛ ድረስ ተሸክሞ ያመጣልኝን ዕቃ በአንድ ሴኮንድ አጠፋሁት ብዬ። በማግስቱ ሠሪው ሲፈታው የሄደው ፊውዙ ብቻ ነው፣ እግዜር ይስጠው ሽቦ ጠምዝዞ አላሰረልኝም፣ አምፔሩ ልክ ተመሳሳይ የሆነ ፊውዝ ፈልጎ ነው የተካልኝ። ከዛ 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ 500 ዋት ትራንስፎርመር ገዛሁ። ፒኤሱ ግን ትራንስፎርመር አይፈልግም፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፣ ዕቃ ከውጭ የሚመጣላችሁ ሰዎች እባካችሁ ጀርባውን አንብቡ። ትራንስፎርመሩ ራሱ እዝ የሚል ድምፅ አለው፣ ከአምፑና ከድምፅ ኬብሎቹ አርቄ በር ጥግ ነው ያስቀመጥሁት።

ሁሉን ሰካክቼ ስከፍተው ገና ጨዋታ ሳይጀመር እዝዝዝዝ የሚል ነገር አለ። ቮሊዩም ስጨምር አብሮ ይጨምራል። መጀመሪያ ትራንስፎርመሩ ነው አልሁ፣ አይደለም። ፒኤሱን ነቀልሁ፣ አለ። ከቴሌቪዥኑ ወደ አምፑ የሚሄደውን ቀይና ነጩን ኬብል ቀየርሁ፣ አለ። ሳምንት ሙሉ ከሥራ እየመጣሁ አንድ አንድ ነገር እየነቀልሁ አዳምጣለሁ። ከዛ አንድ ማታ የዲሹን ኬብል ከዲሹ ሪሲቨር ላይ በጣቴ ፈትቼ ሳወጣው ጸጥ አለ፣ ጸጥታው ራሱ አስደነገጠኝ፣ መልሼ አስጠጋሁት እዝዝ፣ አወጣሁት ጸጥ፣ አስር ጊዜ ያህል እንደዛ አደረግሁ መሰለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ዲሹ ጣሪያ ላይ በብረቱ በኩል የራሱ ግራውንድ፣ ማለት ወደ መሬት የሚወርድ መስመር፣ አለው፣ የኔ ዕቃዎች ደግሞ በሶኬቱ በኩል ሌላ ግራውንድ አላቸው፣ ሁለቱ እኩል ስላልሆኑ በኬብሉ ልባስ ላይ ትንሽ ከረንት ይሄዳል፣ አምፑ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ነው የሚያጎላው። የምሰማው የመብራቱን 50 ሄርዝ ነበር ማለት ነው። መፍትሔው ኦፕቲካል ሆነ፣ በኦፕቲካል የሚሄደው ብርሃን ነው፣ ብርሃን ደግሞ ከረንት አይሸከምም። ፒኤስ 4 ስሊም ኦፕቲካል መውጫ የለውም፣ ስለዚህ ከፒኤሱ ወደ ቴሌቪዥኑ በኤችዲኤምአይ፣ ከቴሌቪዥኑ በኦፕቲካል ወጥቶ ወደ ቀይና ነጭ የምትቀይር ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይገባል። እሷም ሁለት ቀን ምንም ድምፅ አልሰጠችኝም ነበር፣ ቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የድምፅ መውጫውን ፒሲኤም (ያልታመቀ ዲጂታል ድምፅ) ላይ ሳደርገው ነው የተናገረችው።

አሁን ወደ እማማ ልምጣ።

መጀመሪያ ላይ ስፒከሮቹ ግራና ቀኝ ጥግ ላይ ነበሩ፣ ቦታ ይቆጥባል ብዬ። ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ ደረት ይመታል፣ ደስ አለኝ፣ አንድ ማታ 5 ሰዓት አልፎ ድረስ ተጫወትሁ። ጠዋት ደረጃው ላይ ተገናኘን።

«አንተ ልጅ፣ ሌሊት ሌሊት የሚያጓራው ምንድን ነው? ነጎድጓድ መስሎኝ ሁለቴ አማተብሁ እኮ። ቡፌው ላይ ያለው ብርጭቆ ሲንቀጫቀጭ ነው ያደረ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፣ እኔ ነኝ፣ አይደገምም።»

«ኧረ አንተ ከሆንህስ ይሁን፣ ቤቱ የፈረሰ መስሎኝ ነው።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በዛው ሳምንት እሁድ ፈቃድ ጠይቄያቸው ቤታቸው ገባሁ፣ ታናሽ ወንድሜን እኔ ቤት አስቀምጬ ልክ በዛ ማታ ልክ ክፈተው አልሁት። ቡፌው ግድግዳውን ተጠግቶ ነው የቆመው። እጄን መስታወቱ ላይ አሳረፍሁ። ከኔ ቤት የኮሜንታተሩ ድምፅ አንዲት ቃል እንኳ አትሰማም፣ የተመልካቹ ጩኸትም አይሰማም፣ ድም ድም የሚለው ብቻ ነው የሚመጣው፣ በጣቴ ሥር መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፣ ስድስቱ የሻይ ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይነካካሉ። እማማ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ፊቴን ነው የሚያዩኝ። እኔ ጥርት ያለ ድምፅ እያልሁ ሳሳድድ እሳቸው ጋ የሚደርሰው ይሄ ነበር።

ከዛ በኋላ ነው በደንብ ማንበብ የጀመርሁት። ወፍራሙ ድምፅ ሞገዱ ረጅም ነው፣ ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ 42 ሄርዝ ላይ፣ ማለት በሴኮንድ 42 ጊዜ ሲነዝር፣ አንዱ ሞገድ 8 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ የኔ ክፍል 4 ሜትር ናት፣ ግማሹ ልክ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይገጥምላታል፣ ስለዚህ ክፍሏ ራሷ እንደ ከበሮ አብራ ትጮኻለች። ጥግ ላይ ሲሆን ይብሳል፣ ሁለቱ ግድግዳና ወለሉ ድምፁን መልሰው ይገፉታል። በእግሬ ብሄድበት ይታወቀኛል፣ ግድግዳው ጋ ቤዙ ያፍናል፣ መሐል ክፍል ላይ ደግሞ ይጠፋል። ጋቢ ግድግዳ ላይ ሰቀልሁ፣ ሳጨበጭብ የነበረውን ማስተጋባት አጠፋልኝ፣ ቤዙን ግን ምንም አላደረገውም። የእንቁላል ካርቶን የሚለጥፉ ልጆች አያለሁ፣ ለወፍራም ድምፅ ከንቱ ድካም ነው፣ ልብ ቢሉት ደስ ይለኛል።

የሠራው ነገር ቀላል ነው። ስፒከሮቹን ከጥጉ ግማሽ ሜትር ሳብሁ፣ አምፑ ላይ ቤዙን ቀነስሁ፣ ቮሊዩሙን ዝቅ አደረግሁ። እናቴ ቤት የነበሩ ሁለት የዋንዛ በርጩማዎች አስመጣሁና ስፒከሮቹን እነሱ ላይ አስቀመጥሁ፣ ከሥራቸው ያረጀ የስፖንጅ ጫማ በቢላ አራት አራት ቁራጭ አድርጌ ቆርጬ አስገባሁ፣ ንዝረቱ ወደ ወለሉ እንዳይወርድ። እኔ የምቀመጠው ፍራሽ ላይ ስለሆነ ጆሮዬ ዝቅ ያለ ነው፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር በርጩማው ላይ ሆና ልክ ከጆሮዬ ጋር እኩል መጣች። በሁለቱ መካከል 1 ሜትር ከ60፣ ከእያንዳንዱ እስከ እኔ 1 ሜትር ከ60፣ ሦስታችን እኩል ሦስት ማዕዘን ሆንን፣ ሲባጎ ይዤ ነው የለካሁት።

ለመሞከሪያ የከፈትሁት በገና ነው። አያቴ በገና ይደረድር ነበር፣ በዐቢይ ጾም ማታ ማታ፣ እና የበገና ድምፅ ምን እንደሚመስል ማንም አይነግረኝም። አስር አውታር አለው፣ እያንዳንዱ አውታር እንጨቱ ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዝራ የምትባል የቆዳ ቁራጭ ትገባለች፣ ያ ድዝ የሚለው ነዝናዛ ድምፅ የሚመጣው አውታሩ እሷን እየነካካ ነው። ስፒከሮቹ ጥግ ላይ እያሉ በገናው ጉም ጉም ብቻ ነበር። አሁን ጣቱ አውታሩን ሲለቅ፣ ከዛ ቆዳዋ ስትነዝር፣ ከዛ ድምፁ እየራቀ ሲሄድ ለየብቻ ተሰማኝ፣ ያውም በሹክሹክታ ልክ በሆነ ቮሊዩም። አይኔን ጨፍኜ ብዙ ቆየሁ። በኋላ እማማን ጠርቼ ፍራሹ ላይ አስቀመጥኋቸው። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ጨርሰው እስኪሰሙ ምንም አላሉም፣ ከዛ «ሰውየው እዚህ ያለ ነው የሚመስል» አሉ፣ በሁለቱ በርጩማዎች መሐል ያለውን ባዶ ቦታ እያሳዩኝ።

መብራቱስ? ያው ነው። እማማ ረቡዕና ቅዳሜ ይጋግራሉ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል፣ ፎቁ ላይ ሌላም ሰው ምጣድ ከጣደ አምፖሌ ደብዘዝ ይልና ስታብላይዘሬ ጠቅ ጠቅ ማለት ይጀምራል። ያን ሰዓት ፒኤሱን አልከፍትም። አንዴ ሴቭ እያደረገ መብራት ሄዶበት አልነሳ ብሎኝ ነበር፣ ፓወሩን 7 ሴኮንድ ያህል ሁለተኛዋ ጢት እስክትል ይዤ ሴፍ ሞድ የሚባለው የጥገና ገጽ ገባሁና ዳታቤዙን ሪቢልድ አደረግሁት፣ ደግነቱ ዳነ። ምጣዱ ሲያበቃ በሬ ይንኳኳል፣ ትኩስ እንጀራ በአዋዜ ይዘው። ከማታ 3 ሰዓት በኋላ ደግሞ የኔ ተራ ነው፣ አምፑ ይጠፋል፣ የጆሮ ማዳመጫዬን ጆይስቲኩ ላይ ሰክቼ ነው የምጫወተው፣ እሳቸው ይህን ሰዓት አልጠየቁኝም፣ እኔ ነኝ ያልሁት።

ዛሬ ከሰዓት ወንድሜ ዲስክ ይዞ መጣ። ሦስት ማዕዘኗ ግን ለአንድ ሰው ነው የምትሆነው፣ ሁለት ሆናችሁ ስትቀመጡ አንዱ ወደ ግራው አንዱ ወደ ቀኙ ስፒከር ይጠጋል፣ ድምፁ መሐል ላይ አይቆምም። በርጩማዎቹን ወደ ውስጥ አዞርሁ፣ ራቅ አደረግሁ፣ መልሼ አቀረብሁ፣ አልሆነም፣ በዚህች ክፍል የሚሆንም አይመስለኝም። እሱ ተጋጣሚ እስኪመርጥ ድረስ እኔ ወደ ግድግዳው ጠጋ አልሁና መሐሉን ለቀቅሁለት። ጨዋታው ሲጀመር ወደ ኋላ ዞር ብሎ አየ፣ ስታዲየሙ ከበስተጀርባው ያለ መስሎት።