የሐረር ሰንጋ እና ፒኤች 6.0

የሐረርጌ ገበሬ ሰንጋውን ጓሮ አስሮ፣ ማሽላውን ሲያሳሳ የነቀለውንና የበቆሎ ቅጠሉን በእጁ እያጎረሰ ለወራት ያደልባል። ያ ሁሉ ልፋት ግን ከጓሮ እስከ ቄራ ባለው አንድ ሁለት ቀን ውስጥ ገደል ሊገባ ይችላል። ስለ ኤክስፖርት ደረጃ ሲወራ ማሸጊያውና ወረቀቱ ይነሳል፤ ጉዞው ይረሳል።

አፍተግር የተባለው የከብት በሽታ ካለበት አገር የሚመጣ የበሬ ሥጋ አውሮፓ ኅብረት ለመግባት፣ ከ2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ቢያንስ 24 ሰዓት ተሰቅሎ መቆየት አለበት። ከዚያ አጥንቱ ሳይወጣ የሽንጡ ጡንቻ መሀል ይለካል። ፒኤቹ (የኮምጣጣነቱ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል) ከ6.0 በታች ካልሆነ አያልፍም። ሥጋው ሲኮመጥጥ የአፍተግር ቫይረስ ይሞታል። መቅኔና ንፍፊት ግን እንደ ሥጋው አይኮመጥጡም፤ አጥንቱና ዋና ዋና ንፍፊቶቹ እንዲወጡ የሚታዘዘው ለዚህ ነው።

ሥጋውን የሚያኮመጥጠው ጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ግላይኮጅን የሚባል የኃይል ስንቅ ነው። ከእርድ በኋላ ወደ ላክቲክ አሲድ ተለውጦ ፒኤቹን ከ7 ገደማ ወደ 5.5 አካባቢ ያወርደዋል። የተዋጋ፣ የደነገጠ፣ ሲንገላታ የዋለ በሬ ይህን ስንቅ በቁሙ ጨርሶ ይመጣል። ስለዚህ ፒኤቹ በቂ አይወርድም፤ ሥጋው ጠቆር ይላል፣ ሲነካ ይጣበቃል፣ ቶሎም ይበላሻል።

ከሐረር ደጋ በደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ድሬዳዋ ሙቀት የሚወርድ ሰንጋ በየኩርባው ሚዛኑን ለመጠበቅ ይታገላል። የመኪናው ወለል ላይ አሸዋ ይነስነስ፣ ጭነቱ በሌሊት ይሁን፣ ሹፌሩም ቀስ ይበል። ከሁሉ የከፋው ከተለያየ ጓሮ የመጡትን፣ የማይተዋወቁትን በሬዎች አንድ በረት መቀላቀል ነው፤ ሌሊቱን ሲዋጉ ያድራሉ። አብረው የተጫኑት አብረው ይደሩ፣ ውሃም አይጓደልባቸው። አንድ ሌሊት ማረፍ ጥማቱንና ድንጋጤውን ያበርዳል እንጂ ያለቀውን ግላይኮጅን አይመልስም፤ ለዚያ መኖና ቀናት ያስፈልጋሉ።

ልኬቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። መሣሪያው በየቀኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በፒኤች 4 እና 7 መፈተሻ ፈሳሾች ይስተካከል። ጫፉ ላይ ስብ ከተለጠፈ ንባቡ ይዛባል፤ ከእያንዳንዱ ልኬት በኋላ ይጠረግ። ውጤቱ ከሰንጋው የጆሮ ቁጥርና ከጫነው መኪና ጋር ይመዝገብ። ከ6.0 በላይ የወጡት ከአንድ መኪና ከሆኑ፣ ከገበሬው ዋጋ ከመቆረጡ በፊት የሚጠየቀው ጫኙ ነው።